የቆዳ ልባስ ጀርባ ለሌለው መጽሐፍ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ሁለት መዝገበ ቃላትና አንድ አትላስ ጠረዝኩ። አትላሱ ጀርባው ተገንጥሎ፣ ገጾቹ ተበታትነው ነበር ወደ ጥገና ክፍላችን የመጣው። አንባቢዎቹ ምን ሲያደርጉበት እንደከረሙ እግዜር ይወቀው... አሁን ግን በአንድ ገጹ አንጠልጥለው ቢያወዛውዙት ንቅንቅ አይልም። ቀጭኑ አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ከአዲሱ ይበልጣል» አለኝ። (ቀጭኑ ማለት ሃያ ሦስት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ አንድ ኪሎ ያልጨመረ ሰው ነው።) ይበልጣል እንጂ! ለእሱ ግን «ሙጫውን ክደነው፣ ይደርቃል» ብቻ አልኩት። ሰው ፊት አለመኩራራትም አንድ ኩራት ነው።

ከምሳ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ከታች ጥቅል ይዞልኝ መጣ። ከልጄ። ውስጡ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ከእጄ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ነገር። ቀጭኑ አወቀው፤ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው አለ። ልጄ አብራ ወረቀት ልካለች። እንዳለ ልገልብጠው፦

«እማ፣ ውስጡ ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። የኔ ነው። ጽፌ ጨረስኩ፣ አሳታሚም ተቀበለኝ። እስኪታተም ወራት ይቀሩታል፣ ስለዚህ ማንም ሳያየው አንቺ አንብቢው። ፊደሉን የፈለግሽውን ያህል ማተለቅ ትችያለሽ። ቅዳሜ የካቲት 15 እመጣለሁ። ስህተት ካገኘሽ ሳትራሪ ንገሪኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ መጽሐፍ ጻፈች... ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መጽሐፍ ስሰፋ፣ ስለጥፍ፣ ስጨምቅ ኖሬ፣ ከገዛ ቤቴ ደራሲ ይውጣ? ለቀጭኑ እንደ ቀላል ነገር «ልጄ መጽሐፍ ጽፋለች» አልኩት። ከዚያ ለጥበቃው ለመንገር ብቻ ሁለት ፎቅ ወረድኩ። መልሼ ስወጣ ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ፊደሉን ከመጨረሻው በፊት ባለው ልክ አደረግኩት። ከዚያ በታች ዓይኔ ይለምናል። ምዕራፍ አንድ፣ ስለ ሰፈሩ ልጆች። ጥሩ ነው። ጥሩ ነው ወይስ ልጄ ስለሆነች? አይ፣ ጥሩ ነው።

ዕቃው ግን አልተዋጠልኝም። ጀርባ የለው፣ ስፌት የለው፣ ሽታ የለው። ስንት ገጽ እንደቀረኝ ጣቴ አያውቅም። ለቀጭኑ «ጀርባ የሌለው ነገር መጽሐፍ አይባልም» አልኩት። «ታዲያ ምን ይባል?» አለኝ። «ዕቃ።»

ወደ ቤት ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ከወስፌና ከመቀስ ጋር ሲንጓጓ ሰማሁት። ክው አልኩ። የልጄ መጽሐፍ ራቁቱን ከወስፌ ጋር! በአንገት ልብሴ ጠቅልዬ አቅፌው ገባሁ። ልባስ ያስፈልገዋል። ደህና ልባስ፣ የቆዳ።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

ምዕራፍ ሁለት። ስለ ቤታችን ደረጃ ጽፋለች። አርባ ሁለት ነው ትላለች። ስንት ዓመት ወጥቼ ወርጄ ቆጥሬው አላውቅም። ዛሬ ስገባ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከሥራ ወጥቼ ልባስ ፍለጋ። ሦስት ሱቅ።

የመጀመሪያው ሻጭ አንድ ቡናማ ነገር ፊቴ ዘረጋና «ኦሪጅናል ቆዳ ነው እማማ» አለኝ። እማማ! በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እውነተኛ ቆዳ ሲጫኑት ዙሪያውን ይጨማደዳል፣ ልክ እንደ ሰው ቆዳ። ይሄ ፍንክች አላለም። ጠርዙን በጥፍሬ ብነካው ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥር ጨርቅ። ሻጩን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ጣራውን አየ።

ሁለተኛው ሱቅ ቆዳው ቆዳ ነበር። ግን የተያያዘው በሙጫ ብቻ ነው፤ አንድ የክር ነጥብ የለውም። ማንበቢያውን የሚይዙት ደግሞ አራት የላስቲክ ማዕዘኖች ናቸው። ላስቲክ እኮ ይላላል... ያኔ መጽሐፉ በየት በኩል ሊወድቅ ነው? ተመስገን ብዬ ወጣሁ፤ ባለመግዛቴ።

የሦስተኛው ሱቅ ሻጭ ጨዋ ሴትዮ ናት። ወንበር ሰጠችኝ። ስድስት ልባስ ተራ በተራ አወጣችልኝ። ሲዘጋ ማንበቢያው የሚተኛበት፣ ሲከፈት የሚነቃበት ማግኔት ያለው አለ። ዚፕ ያለው አለ። አንዱ የእውነት ደስ ይል ነበር፣ ስፌቱ ግን ሲጀምር ጠባብ ሆኖ እየሄደ ይሰፋል። የሰፋው ሰው ወደ ማብቂያው ምሳ ሰዓት ደርሶበታል ማለት ነው። ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀችና፣

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ ልባስ አይደለም የሚፈልጉት፤ ስህተት ነው» አለችኝ።

አልተቀየምኳትም። ስህተት መፈለግ ሥራዬ ነው። በባዶ እጄ ተመለስኩ።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ቀጭኑ ዛሬ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ጠርዙን ሲከረክም ቢላዋው ገብቶበት ፊደል በላ። መደርደሪያው ላይ ያለውን መዝገብ በዓይኔ ብቻ አሳየሁት። ሄዶ ጻፈ።

የስህተት መዝገባችን። የድሮው አለቃችን የጀመሩት ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ ገጽ አለው። መጽሐፍ ያበላሸ በገዛ እጁ ይጽፋል፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የደረሰው ጉዳት፣ ምክንያት፣ ፊርማ። «ለማሳፈር አይደለም፣ ሁለተኛ እንዳይደገም ነው» ይሉ ነበር። ቀጭኑ ሦስት ገጽ ሞልቶ አራተኛውን ጀምሯል። አለቃችን ራሳቸው አንድ ገጽ ተኩል አላቸው። የኔ ገጽ ከላይ ስሜ አለ፣ ከሥሩ ምንም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት። ወረቀቱ ራሱ ሲጠብቀኝ ቢጫ ሆኗል።

አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ያን ገጽ ነው መጀመሪያ የማሳየው። ጉራ ነው? ይሁን። ያለው ይኩራ።


እሁድ፣ የካቲት 9

ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ምዕራፍ ስድስት ደረስኩ። እስካሁን እኔ የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ ጫማ ስገዛላት ከሻጩ ጋር ስከራከር፣ አንዴ ተቆጥቼ። ይኸው ነው? ስንት ነገር አድርጌላት... እስቲ ወደፊት ይመጣ ይሆናል።

ስህተትም ይዤላታለሁ፣ ሳትራሪ ብላ የለ። የጥራዝ መጭመቂያችንን «ጥቁሩ ብረት» ብላዋለች። አረንጓዴ ነው።

ግን እንዴት አድርጋ ነው የምትጽፈው! አንድ ቦታ ላይ ጮክ ብዬ ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳውን መታች። «ልጄ ናት ያሳቀችኝ!» አልኳት በግድግዳው በኩል። አባቷ ይህን ሳያይ መሄዱ ቆጨኝ። እሱ ቢሆን ለከተማው ሁሉ ይለፍፍ ነበር። አሁን ለሁለታችንም የምለፍፈው እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሱቅ ለሱቅ ምን አንከራተተኝ? የሰው ልጅ መጽሐፍ በኔ እጅ ተሰፍቶ፣ የኔን ልጅ መጽሐፍ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሰው በሙጫ ሊያለብሰው? ሳጥኔ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩት የፍየል ቆዳ አለ። ጥቁር ቀይ፣ ለስላሳ፣ አንድ ጭረት የሌለው። አንድ ቀን የሚመጥነው መጽሐፍ ይመጣል እያልኩ ነበር። ይኸው መጣ።

እኔው እሠራዋለሁ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ቆዳውን ቆረጥኩ። ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው ወጉ፤ ዛሬ ግን አራት ጊዜ ለካሁ። ጠርዙን በቢላዋ አሳሳሁት፣ ሲታጠፍ እንዳይወፍር። ለፊትና ለኋላ ስስ ካርቶን። ላስቲክ ብሎ ነገር የለም፤ ዙሪያውን ከቆዳው ራሱ ከንፈር አወጣሁለት፣ ማንበቢያው በሥሩ ገብቶ እንዲቀመጥ። ማብሪያው ጋ ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ቀደድኩለት። ጀርባም ሠራሁለት። እውነተኛ ጀርባ፣ ሦስት ጉብ ጉብ ያለው። ከውስጡ ገጽ ባይኖርም ከውጭ ያየው ሰው መጽሐፍ ነው ይበል።

ከመርፌው ጋር ትንሽ ተጣላን። ክሩን ሦስት ጊዜ ሳትኩት። ቀጭኑ እጁን ዘረጋ፤ «ላስገባልዎ?» አለ። «አንተ ፊደልህን አትብላ» አልኩት። በአራተኛው ገባ።

ቆዳውን ሲያይ ግን ሳይነካው እጁን ሊታጠብ ሄደ። ቀጭኑ ሳይታዘዝ እጁን ከታጠበ ትልቅ ነገር ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 12

አለቀ! በሰም በታሸ ክር፣ በእጅ፣ ነጥቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት። ያቺ ሴትዮ ትምጣና ትቁጠረው። ኃላፊያችን በአጋጣሚ ገብታ አየችውና ከየት ገዛሽው አለችኝ። ከየት ገዛሽው! ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ምዕራፍ አሥርን በምሳ ሰዓት ጨረስኩ። አንድ ብቻ ቀረኝ። አሥራ አንደኛውን በአዲሱ ልብሱ ነው የማነበው ብዬ ተውኩት። የመጨረሻውን ጉርሻ ማን እየተጣደፈ ይውጣል?

ቆዳው ልኩን እንዲይዝ በእርጥብ ጨርቅ አራስኩት፣ ማንበቢያውን በስስ ላስቲክ ጠቅልዬ ውስጡ አስገባሁ፣ ከንፈሩን በአጥንት ማጠፊያዬ ዙሪያውን ዳበስኩት። ልክክ። ከዚያ ከላይና ከታች ንጹሕ ሰሌዳ አድርጌ መጭመቂያው ውስጥ አስገባሁትና እጀታውን እንደ ወጉ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሬ አጥብቄው ወጣሁ። አዲስ ጥራዝ ሳይጨመቅ አያድርም። ጠዋት ቀጥ ብሎ፣ ጠርዙ ስል ሆኖ፣ እንደ ሙሽራ ይወጣል።


ሐሙስ፣ የካቲት 13

ተሰበረ።


ዓርብ፣ የካቲት 14

ትናንት ከአንድ ቃል በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም እጄ እሺ አይልም፣ ግን ልጻፈው።

ትናንት ማንም ሳይመጣ ገባሁ። እጀታውን አላላሁ። ልባሱ እንዳልኩት ሆኖ ወጣ፤ እንዲያውም ካልኩት በላይ። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቴ አልሠራሁም። ገለጥኩት። መስታወቱ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተሰንጥቋል። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ መስመር መስመር። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ... አመዴ ቡን አለ።

ሁለት ዙር! ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ እጅ የወጣ ጥራዝ ሁሉ ሁለት ዙር ነው የሚጨመቀው። እጄ እንደ ልማዱ ሄደ። ውስጡ ያለው ወረቀት አለመሆኑን አንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም። መጽሐፍ አይደለም፣ ዕቃ ነው ስል የከረምኩት እኔ ነኝ፤ እንደ መጽሐፍ የጨመቅኩትም እኔው።

ቀጭኑ ሲገባ ልባሱን ዘግቼ ደረቴ ላይ ይዤው ቆሜያለሁ። እስቲ ልየው አለኝ። «ገና አልደረቀም» አልኩት። እስከ ማታ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ አልደረቀም።

ዛሬ የስልክ ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። አጎንብሶ በአጉሊ መነጽር አየው። «ፊቱ ነው የሞተው፣ ነፍሱ አለች» አለኝ። ፊት ይቀየርለት ይሆን? የዚህ ዓይነት እሱ ጋ የለም፣ ቢታዘዝም ሳምንታት ይፈጃል። ልጄ የምትመጣው ነገ ነው። ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ምላሴ ራሱ መለሰ፤ «ወደቀ» አልኩት። ጠጋኙ መስታወቱን አይቶ እኔን አየና «ከባድ አወዳደቅ ነው» አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግን ምን ነበር የፈራሁት? ዕቃው መሰበሩን አይደለም። ዕቃ ይተካል። ልጄ «አንቺም?» ስትለኝ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ያየችኝ ሳልሳሳት ነው። ልጄንና ሥራዬን በአንድ ዓመት ነው ያገኘሁት፤ አንዱንም አላበላሸሁም ስል ኖሬ...

ወደቀ እላታለሁ። ማንም ሰው ዕቃ ይወድቅበታል።


እሁድ፣ የካቲት 16

ልጄ አሁን ሄደች። ብዙ የሚጻፍ አለ። ቀስ ብዬ።

ትናንት እረፋድ ላይ መጣች። ደረጃውን እየቆጠረች ስትወጣ ከላይ ሰማኋት፤ አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። ከስታለች። ወይስ ቁመት ጨመረች? በሠላሳ አንድ ዓመት ቁመት አይጨመርም። ጠረጴዛው ላይ ልባሱን ስታይ ገና ሳትቀመጥ አነሳችው። ሽታውን ሳበች። ስፌቱን በጣቷ ጫፍ ተከተለችው፣ ልክ እኔ እንደማደርገው። «እማ... ይሄን ለኔ መጽሐፍ?» አለችና ዓይኗ ሞላ።

ገለጠችው።

«ወደቀብኝ» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ።

ልባሱን መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ትከሻዬን ያዘችና «ይሁን እማ፣ ዕቃ ነው» አለች። ዕቃ። የራሴው ቃል። ከስድብ በላይ አመመኝ። አልተቆጣችም፣ አላዘነችብኝም። ውሸቴን ተቀብላ አስቀመጠችው፣ በቃ። የዋሸሁት ሰው ሲያባብለኝ ደግሞ... ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ የት ደርሰሽ ነበር አለችኝ። አሥርን ጨርሻለሁ አልኳት። «ታዲያ ዋናው ቀርቶሻል። እሱን ስጽፍ ነው የፈራሁሽ» አለች። መጽሐፉ ስልኳ ውስጥም አለ፤ አልጠፋም። አጠገቤ ተቀምጣ ታነብልኝ ጀመር።

አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ስለ ጥገና ክፍላችን ነው። ስለኔ ነው። አሥር ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ሥራዬን እስክጨርስ መደርደሪያው ሥር ትጠብቀኛለች። መዝገቡን አውርዳ ታነባለች። የሁሉም ሰው ገጽ በስህተት ተሞልቷል፣ የኔ ባዶ ነው። መጀመሪያ ትኮራለች። በኋላ ቤታችንም ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ ያለ ይመስላታል፣ የማይታይ፣ በእሷ ስም ብቻ የሚሞላ። አንድ ቀን በሒሳብ ከሃያ ሰባት ታገኛለች። ወረቀቱን ከመጭመቂያው እግር ሥር ትደብቀዋለች። ለኔ «ወረቀቱን አልመለሱልንም» ትላለች። እዚህ ጋ ድምጿ ትንሽ ወረደ። «የእናቴ ገጽ ነጭ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ነጭ ገጽ ፊት ስቀመጥ እፈራለሁ» ይላል። ከዚያ ሌላ ነገር አለ፣ ስለ ፍቅርም አለ፣ ስለ እጄም አለ፣ ሁሉንም አልሰማሁትም። እዚያው ቀረሁ።

አንብባ ስትጨርስ አላየችኝም። ስልኳን እያገላበጠች «ስህተት ካለው ንገሪኝ» አለች።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። መጭመቂያው አረንጓዴ ነው ልላት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አልወደቀም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ማንበቢያው። አልወደቀም። መጭመቂያ ውስጥ ከትቼው ነው።»

ፊቷን ወደኔ አዞረች። «የቱ መጭመቂያ?»

«አረንጓዴው።»

«...ስንት ዙር?»

«ሁለት።»

ከንፈሯን ነከሰች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፈነዳች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሶፋው ላይ ተጋደመች። «እማ! ልብ ወለዱን ጨመቅሽው?» እኔም ያዘኝ። የኔ ሳቅ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ የሷም። ጎረቤታችን ግድግዳውን መታች። በዚህ ጊዜ ማንም አልመለሰላት።

ቀና ስትል ዓይኗን እየጠረገች ያለችኝን መቼም አልረሳውም። «ሃያ ዓመት ነው ይህችን ስጠብቅ የኖርኩት» አለች። ይህችን ያለችው እኔን ነው፣ የምትሳሳተዋን።

ማታ ራት እየበላን ስህተቶቹን ዘረዘርኩላት፤ አልራራሁም። መጭመቂያው ጥቁር ሳይሆን አረንጓዴ። ጫማው ላይ አልተከራከርኩም። («ተከራክረሻል።» እሺ፣ ተከራክሬያለሁ።) አሥራ አንደኛው ላይ ግን ስህተት የለም አልኳት። በሙሉ አፌ ነው ያልኩት።

ዛሬ ከመሄዷ በፊት የራሷን ማንበቢያ ከቦርሳዋ አወጣች። ያው ዓይነት ነው። ልባሱ ውስጥ አስገባችው፤ ልክክ አለ። ለኔ ትታልኝ ሄደች። ልባሱን ልውሰደው ብላ አንዴ ጠይቃኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። ለአንቺ ሌላ እሠራለሁ፣ ቆዳ ተርፎኛል። «ሳይጨመቅ» አለች። ሳይጨመቅ።


ሰኞ፣ የካቲት 17

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። መጀመሪያ መሬት ላይ ተንበርክኬ በማስመሪያ ከመጭመቂያው ሥር ጎረጎርኩ። አቧራና አንድ ላጲስ። ወረቀት የለም። ቀጭኑ መጥቶ በዚያ ሁኔታ አገኘኝ። ምን ጠፋዎት አለኝ። የሒሳብ ወረቀት አልኩት፣ ከሃያ ሰባት። ማስመሪያውን ከእጄ ተቀበለና «ያኔ እኔ አግኝቼው ነበር» አለ። «ለእርስዎ ልሰጥዎ አልደፈርኩም። ቀድጄ ጣልኩት።» እሱም ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። ሁለት ልጆች ከኔ አንድ ወረቀት ደብቀው ኖረዋል። አላመሰገንኩትም፣ አልተቆጣሁትም። እጁን ይዤ ነው የተነሳሁት።

ከዚያ መዝገቡን አወረድኩ። ገጼን ገለጥኩ። ቀጭኑ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። የተሰበረውን ማንበቢያ አውጥቼ አሳየሁት።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ጥሩ ሥራ ደብቀው አያውቁማ።» ቀጥሎ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ መዝገቡ እኮ የመጽሐፍ ነው። ይሄ ዕቃ ነው ብለው የለም? መጻፍ አይገደዱም።»

መውጫ በር ከፈተልኝ፣ ምስኪን። ሃያ ሦስት ዓመት በዓይኔ ወደዚያ መደርደሪያ የላክሁት ሰው።

«መጽሐፍ ነው» አልኩት። ብዕሬን ከፈትኩ። ጉዳት፦ ፊቱ ተሰነጠቀ። ምክንያት፦ ጠራዧ ሳታስብ ሁለት ዙር ጨመቀችው። ፈረምኩ። ጽሑፌ በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያምራል፤ እሱን ማንም አይክደኝም። ወደ ላይ ተመለስኩና ርዕሱን ሞላሁ። «ደራሲ» የሚለው ረድፍ ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ክፍል ስንት የደራሲ ስም በእጄ አልፏል... የልጄን ስም ከነአባቷ ስም፣ ፊደል በፊደል፣ ረጋ ብዬ ጻፍኩት። በቤተ መጻሕፍት መዝገብ ላይ ደራሲ ተብላ ስትጻፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ቀጭኑ በትከሻዬ በኩል አነበበው። የራሱን አራት ገጾች ገለጥ፣ ገለጥ አደረገና ወደኔ ገጽ መለሰው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።